አራት ብሎን

ኅዳር ሊያልቅ ነበር። ፀሐይ ቫርዶን ከለቀቀች ሳምንት ሆኗት፣
የወደቡን አምፖል ቀን ነው ብሎ የሚያጠፋት
ሰው አልነበረም።
አስላውግ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፣
በረዶውን ከጫማዋ አራገፈች፣
በሱፍ ሻል የጠቀለለችውን ኮምፒውተር
እንደ ታመመ ድመት ታቅፋ መጥታ
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፣ ቀስ ብላ፣ እጇን ሳታነሳ ቆይታ።

«የያልማር ነው» አለች። «የዓሣ መዝገቡ።
የሃያ ሁለት ዓመት ሚዛን፣ የየጀልባው ዕዳ፣ የየጀልባው ሒሳቡ።
ውስጡ ያለው አሮጌ ዲስክ ግን ሌሊቱን ያፏጫል፣
ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው፣ ግድግዳ አልፎ ይሰማኛል።
እንቅልፍ ነሳኝ።
አንሳልኝ።»

ሥራዬን አውቃለሁ፤ ማለት፣ አውቃለሁ ባይ ነኝ።
ከመዳፌ የሚያንስ፣ ድምፅ የለሽ አዲስ ዲስክ አመጣሁ፣
አንዱን ካንዱ አያይዤ ሲገለበጥ አመሸሁ።
ቆጠርኩ። የጎደለ የለም።
ማዕበል የበላት ጀልባ እንኳ ከነስሟ አለች፣
ያልከፈለችው የበረዶ ሒሳብ ሥሩ ላይ ተጽፎባት።
አራቱን ብሎን ፈታሁ፣ ሰሐን ላይ አኖርኳቸው፣
አሮጌውን አነሳሁ፤
አዲሱ አልነሳም አለ።

ጥቁር መስኮት። ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ጭረት
ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ስሟን እስኪጠሯት።
ሚዛኑ አለ፣ ዕዳው አለ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ አለ፤
«ተነስ» የሚለው ቃል ብቻ ከአሮጌው ጋር ቀረ፤
ከመጀመሪያው ቀለበት ጥግ፣ ፋይል ተብሎ ሳይቆጠር፣
ስም የሌለው፣ ርዝመቱ ካንዲት አጭር ደብዳቤ የማይበልጥ ነበር።

በማግስቱ ነገርኳት። ይቅርታ ልል ስል ሳቀች፣
ሳቋ ቆየ፤ ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።
«እቤታችንም እንዲህ ነበር» አለች።
«ምድጃውን ማን እንደሚያቀጣጥል አርባ ዓመት አስቤ አላውቅም።
ስነቃ ሞቆ ነው፤ ቤት በራሱ የሚሞቅ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ።
ያልማር በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣
እንጨቱ አለ፣ ክብሪቱ አለ፣ እኔም አለሁ፤
እስከ ቀትር አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እጠብቃለሁ።
ምኑን? እንጃ።»

እንዲህ ላለው ምን እንደሚባል አላውቅም። የጥገና ሰው ነኝ።
«አምስት ደቂቃ ነው» አልኳት፣ «ቃሉን አዲሱ ላይ እጽፈዋለሁ፤
ከዚያ ብቻውን ይነሳል።»
«ቆይ ኤይለርት» አለች።
«መጀመሪያ አሮጌውን መልሰህ ስካው። አንዴ ልስማው።»

ሰካሁት። ብሎን አላሰርኩም።
ተንቋቋ፤ አፏጨ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ወገቡን ይዞ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ እየቆጠረ፣
ተነሳ።
አስላውግ ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች፤
ስሙን አላነሳችም። እኔም አላነሳሁባትም።
ውጭ ነፋሱ የጀልባ ገመድ ከብረት ምሰሶ ያላትማል፣
ከምሰሶውና ከዲስኩ የቱ እንደሚንቋቋ መለየት ያስቸግራል።
«በል ጻፈው» አለች።

ጻፍኩት። አጠፋሁ። አሮጌውን አነሳሁ።
አዲሱ ተነሳ፣ ያለ ኮሽታ፣ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ።
እሷ ግን ጆሮዋን አዘንብላ ገና ትጠብቃለች።
«ተነስቷል እኮ» አልኳት።
«ሳይናገር?» አለች።

ከገንዘቡ ሌላ ሁለት የደረቀ ዓሣ ጣለችልኝ፣
ዲስኩን ካፖርቷ የውስጥ ኪስ ከተተች፤
«ይከብዳል» አለች፣ ለእኔ አይደለም፤ ወጣች።

ጥር ላይ ፀሐይ ለአፍታ ብቅ ብላ
ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ጮኹላት።
ሰሐኑ ግን እዚያው ነው፣ መስኮቱ ሥር፤
አራት ብሎን፣ አንዱ አናቱ የዛገ።
መጥታ ትወስዳቸው ይሆናል።
ጠረጴዛዬን በወለወልኩ ቁጥር በዙሪያቸው እዞራለሁ፤
አላነሳኋቸውም።